ወደ ጅቡቲ መሄጃ፣ ከጅቡቲ መመለሻ፦ በሁርሶ መስመር ያሉ የመጓጓዣ አማራጮች

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በቆላው ሜዳ ላይ የምትገኝ የባቡር ጣቢያ መንደር ናት። በስተደቡቧ የሐረርና የጨርጨር ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ በስተሰሜኗ የኢሳ አርብቶ አደሮች ግመል፣ ፍየልና በግ የሚያሰማሩበት ደረቅ ሜዳ ወደ አፋር ምድር ይዘልቃል። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆነው ይቆያሉ፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በአንድ ሌሊት መንገድና ድልድይ ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ አካባቢ ዝናብ በተከታታይ በቀረ ቁጥር ለሕዝቡ የሚታደለው ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚገባውም በጅቡቲ ወደብ ነው። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ የሚወስዱትንና ከጅቡቲ የሚያመጡትን መንገዶች ጠባይ ማወቅ ለዕርዳታ ሠራተኛ የዕለት ሥራው አካል ነው።

የማጓጓዣ ዕቅድ ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ወደቡ ነው። መርከቡ መቼ ይደርሳል፣ በቀን ስንት ቶን ይራገፋል፣ ስንት መኪና ይቀርባል የሚሉት ጥያቄዎች በቅድሚያ ይነሣሉ። መኪናው በስንት ቀን ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስስ ምን ይጭናል፣ ከቀዬው የተነሣ ሰው በምን ይመለሳል የሚሉት ግን ዘግይተው ይታሰባሉ፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታሰቡም። ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን የሚመዝነው በተለይ ከመመለሻው አንጻር ነው። የተጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጅቡቲ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ ሙቀቷ በበጋም በክረምትም የሚያስጨንቅ፣ እህል የማታበቅል ትንሽ አገር ናት። ከፈረንሳይ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ኑሮዋ የተመሠረተው በወደቧ ላይ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ ወደብ ያልፋል። የወደቡም ሆነ የመጋዘኑ ኪራይ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ ጭነት በወደቡ ላይ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር የሚባክነው ገንዘብ ስንዴ ሊገዛበት ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

የባቡሩ መስመር

ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊዘርላንድ ተወላጁ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ከተማ ማውጣቱ ከባድ ሆኖ ስለተገኘም ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ የተባለች ከተማ ሆነ። ኩባንያው በገንዘብ ችግር ወድቆ በሌላ ኩባንያ እስኪተካ ድረስ ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ ስለቆየ፣ ሐዲዱ ሁርሶን፣ ጎታን፣ ኤረርን፣ አፍደምንና ሚኤሶን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር።

ያ አሮጌ ባቡር ዘገምተኛ ነበር። ሆኖም በየትንንሹ ጣቢያ ይቆም ስለነበር ለቆላው ሕዝብ መሄጃም መመለሻም ሆኖ አገልግሏል። ወተት፣ ፍየልና ከሰል ወደ ድሬዳዋ ገበያ ይዞ የሄደ ሰው ማሽላና ስኳር ይዞ በዚያው መስመር ይመለስ ነበር። መሐንዲሶች በጉድለት የሚቆጥሩት አዘውትሮ መቆም ለሁርሶና ለኤረር ዋነኛው ጥቅም ነበር።

መስመሩ ግን በቀላሉ የሚሰበር ነበር። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲነሣ ድልድዮቹ በፈንጂ ፈርሰው ባቡሩ ለወራት ቆመ፤ የአገሪቱም ጭነት ወደ አሰብ ዞረ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ፣ አገሪቱ በረሃብ ተጨንቃ በነበረበት ወቅት፣ በአዋሽ ድልድይ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ እያረጀ፣ ፉርጎው እየሳሳ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ክፍል ሥራ አቆመ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ከሰበታ እስከ ጅቡቲዋ ናጋድ ድረስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ሲሆን፣ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የዕርዳታ ሠራተኞች ሊያስታውሱት የሚገባው ነገር ግን፣ ይህ ሐዲድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸከመው ጭነት የድርቅ ዕርዳታ እህል መሆኑ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩ ሥራ ገና ሳያልቅ በናፍጣ በሚሠሩ ሎኮሞቲቮች እየተጎተተ ከጅቡቲ የተነሣው ስንዴ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ጣቢያ ተራግፏል። ያን ጊዜ በድርቁ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ በሁርሶ ዙሪያ ያለው የሲቲ ዞን ቆላ ነበር። ባቡሩ ግን ይህንኑ ቆላ አቋርጦ ወደ መሀል አገር ነው ያለፈው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲሱ መስመር የተሠራው ብዙ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ሩቅ ለማድረስ ነው። ለምሳሌ ያህል 60 ቶን የሚጭኑ 30 ፉርጎዎች ቢቀጠሉ 1,800 ቶን፣ ማለትም የ45 ከባድ መኪኖችን ጭነት፣ በአንድ ጉዞ ይወስዳሉ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚለው ድልድል መሠረት ይህ ለ120,000 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። እንዲህ ያለ ባቡር በየመንደሩ ቢቆም ጥቅሙን ያጣል። ሆኖም ባቡሩ በማይቆምበት ስፍራ የሚኖረው አርብቶ አደር የሐዲዱን ጥቅም ሳያገኝ ጉዳቱን ሲያይ መቆየቱ አልቀረም፤ በባቡር የተገጩ ከብቶችና ግመሎች ካሣ በመስመሩ ሁሉ የክርክር ምንጭ ሆኗል።

አውራ ጎዳናዎቹ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ መኪና የሚከተለው ዋና መንገድ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አልፎ በጋላፊ ኬላ የሚወጣው ነው። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ጭነት አብዛኛው በአሰብ ወደብ በኩል ይገባ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ በር በአንድ ጊዜ ተዘጋና ሸክሙ ሁሉ በጋላፊ መንገድ ላይ ወደቀ። በ1969 ዓ.ም. ባቡሩ ሲቆም አሰብ እንደ ደረሰለት፣ በ1990 ዓ.ም. አሰብ ሲዘጋ ጅቡቲ ደረሰች። አንድ በር ብቻ ይበቃል ብሎ ማቀድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከእነዚህ ሁለት ዓመታት የበለጠ አስረጂ አያስፈልግም። ከዚህም የተነሣ በጅግጅጋና በቶጎጫሌ በኩል ወደ በርበራ የሚወስደው መንገድ ለምሥራቁ ክፍል ተጠባባቂ በር ሆኖ መታየቱ ተገቢ ነው።

ለሁርሶ የሚቀርበው መንገድ ግን የጋላፊው አይደለም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደወሌ ኬላ ወደ ጅቡቲ የሚገባው 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ በ2011 ዓ.ም. ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል። ቀድሞ ለከባድ መኪና እጅግ አስቸጋሪ የነበረው ይህ አቅጣጫ ዛሬ ከወደቡ ወደ ድሬዳዋ መጋዘን ከሁሉ የሚያጥር መንገድ ነው። ለሲቲ ዞን የታሰበ ስንዴ በጋላፊ በኩል ወደ መሀል አገር ገብቶ፣ በአዋሽ ተመልሶ፣ የጭሮንና የቁልቢን ተራሮች ወጥቶና ወርዶ በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ እንዲደርስ ማድረግ ናፍጣንም ጎማንም ቀንንም ማባከን ነው። ሁርሶና ኤረር ከዚያ የደጋ አውራ ጎዳና ርቀው በቆላው ውስጥ ስለሚገኙ፣ ጭነታቸው የሚነሣው ከድሬዳዋ ነው።

አውሮፕላን ለብዛት ያለው ዕርዳታ አማራጭ ሊሆን የማይችል መሆኑ የታወቀ ነው፤ መድኃኒትን፣ ክትባትንና ሰውን ለማድረስ ግን ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚተካከል የለም። የጫት ነጋዴዎች ይህን ከማንም ቀድመው አውቀውታል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ጅቡቲ መድረስ ስላለበት፣ ባቡሩንም መኪናውንም አውሮፕላኑንም እንደ ጊዜው እያፈራረቁ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከአወዳይ የተነሣ ጫት በዕለቱ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ከጅቡቲ የተነሣ ስንዴ ሁርሶ ለመድረስ ሳምንታት የሚፈጅበት ምክንያት የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሊሆን አይችልም።

የመኪናው ምልልስ

መኪኖች ለምን እንደሚያንሱ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። 30,000 ቶን ስንዴ የጫነ አንድ መርከብ ወደቡ ላይ ቆሞ በቀን 3,000 ቶን ቢራገፍ በ10 ቀን ይጨርሳል። ተሳቢ ያለው አንድ መኪና 400 ኩንታል ቢጭን በየቀኑ 75 መኪና መቅረብ አለበት። መኪናው ጭኖ፣ ሄዶ፣ አራግፎ ወደ ወደቡ የሚመለሰው በ8 ቀን ከሆነ 600 መኪኖች ሥራውን ያለማቋረጥ ያስኬዱታል። ምልልሱ 12 ቀን ከፈጀ ግን ለዚያው ሥራ 900 መኪኖች ያስፈልጋሉ። ያሉት 600 ብቻ ቢሆኑ በቀን የሚነሡት 50 ናቸው፤ ወደቡ ላይም በየቀኑ 1,000 ቶን ሳይነሣ ያድራል። 10 ቀን ይበቃው የነበረው ሥራም 15 ቀን ይወስዳል።

እነዚያን አራት ቀኖች የሚበላው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ሳይሆን ማራገፊያው ነው። መኪናው በመጋዘን በር ላይ ተራ ይጠብቃል፤ የጉልበት ሠራተኛ አይገኝም፤ ተረካቢው ማኅተም ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ የጆንያው ቁጥር አልገጠመም። ሾፌሩ ባዶውን ከመመለስ ይልቅ ጭነት እስኪያገኝ ቢዘገይ ሊፈረድበት አይገባም፤ ወደ አገር የሚገባው ጭነት ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመለስ መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚሄደው፤ የባዶውም ጉዞ ዋጋ በስንዴው ኪራይ ላይ ተደምሮ ይከፈላል። በ2008 ዓ.ም. የዕርዳታው ስንዴና ለእርሻ የሚፈለገው ማዳበሪያ በአንድ ወቅት ወደብ ላይ ሲገናኙ፣ መርከቦች ተራ ለመጠበቅ የተገደዱት የመርከብ መቆሚያ በማነሱ ብቻ አልነበረም። የሚያነሣ መኪና ቶሎ አለመመለሱም ምክንያት ነበር።

ስለዚህ ተጨማሪ መኪና ከመከራየት በፊት መጠየቅ ያለበት ያለው መኪና ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚውል ነው። በድሬዳዋ መጋዘን ሌሊትም የሚያራግፍ ቡድን መመደብ ብዙ ጊዜ መቶ መኪና ከመጨመር ይረክሳል።

ከድሬዳዋ በኋላ

እህሉ ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ነገሩ ይቀየራል። ከላይ የተጠቀሰው የአንድ ባቡር 1,800 ቶን 50 ኩንታል በሚጭን ኢሱዙ ሲከፋፈል 360 ምልልስ ይሆናል። ተሳቢው በአሸዋው ላይ አይገባም፤ ደረቁ ወንዝ ሲሞላም ኢሱዙው ራሱ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ድንገት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው፣ አካባቢው ከጎርፍ ይልቅ በድርቅ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ ነው። በቆላው የዕደላ ጊዜ ሲወሰን የደጋውን ዝናብ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከዕደላው ጣቢያ እስከ ጎጆው ያለው መንገድ በማንኛውም የጭነት ሰነድ ላይ አይመዘገብም። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ እህል ይደርሰዋል። ግመሏ የሞተችበት አባወራ ይህን በጫንቃው ሊወስደው አይችልም፤ ለአህያ ወይም ለግመል ኪራይ ከዚያው እህል ላይ ቆርሶ ይከፍላል። በመሆኑም ወደብ ላይ የተመዘነውና ድስት ውስጥ የሚገባው ስንዴ እኩል አይሆኑም። የዕደላ ጣቢያዎችን ቁጥር ጨምሮ ርቀቱን ማሳጠር፣ የጭነት እንስሳ ላለቀባቸው ቤተሰቦችም የማድረሻ ኪራይ በበጀት መያዝ ይህን ጉድለት ይቀንሳል።

የሚመለሱ ሰዎች

ስለ ጭነት የተባለው ስለ ሰውም ይሠራል። በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ ከተከናወኑት ሥራዎች መካከል ብዙ ሕዝብ ካንቀሳቀሱት አንዱ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የተካሄደው ሠፈራ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጎጃምና ጋምቤላ ተወሰዱ። አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ አንቶኖቭ አውሮፕላን ሳይቀር ቀረበ። ይህ ሁሉ ግን ለመሄጃው ነበር። በብዙ ቦታ ሰዎቹ የተነሡት በፈቃዳቸው አልነበረም፤ ቤተሰብም ተለያይቷል። መመለስ የፈለገ ሰው የተዘጋጀለት ምንም መጓጓዣ ስላልነበረ በእግሩ ሄደ፤ ብዙዎችም መንገድ ላይ ቀሩ። ያንን ሠፈራ ከመጓጓዣ ሥራ አንጻር ብቻ የሚመዝነው ሰው እንኳ፣ መመለሻ ያልነበረው መሆኑን እንደ ትንሽ ጉድለት ሊያልፈው አይችልም።

በጅቡቲ አቅጣጫ የታየው ከዚህ ይለያል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ጅቡቲ የሸሹና በዲክሂልና በአሊ ሳቢህ ተጠልለው የነበሩ ስደተኞች፣ ሁለቱ መንግሥታትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ባደረጉት ስምምነት መሠረት ከ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የአንዳንዶቹ ፈቃደኝነት በጊዜው አጠያያቂ የነበረ ቢሆንም፣ መመለሻው አስቀድሞ በውል የታሰበበት እንቅስቃሴ ነበር።

ዛሬ በዚህ መስመር ላይ በብዛት የሚታየው ሌላ ዓይነት መንገደኛ ነው። ከደጋውም ከቆላውም ሥራ ፍለጋ የተነሡ ወጣቶች ወደ ጅቡቲ ገብተው፣ ብዙ ጊዜም በእግር፣ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ አረቢያ ለመሻገር ይሞክራሉ። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በጅቡቲ ጎዶሪያ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ሟቾቹ ወደ የመን የሚሄዱ አልነበሩም፤ ከየመን የሚመለሱ ነበሩ። ለመሄጃው ደላላ ነበራቸው፤ ለመመለሻው ግን ከዚያው ደላላ ጀልባ በቀር የቀረበላቸው አልነበረም።

ባዶ መኪናና የቆመ ከብት

በቆላው ድርቅ የሚገድለው እህል ስለጠፋ ብቻ አይደለም። አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ የሐረርጌን አርብቶ አደሮች ረሃብ መርምሮ እንዳሳየው፣ ከብቱ ከማለቁም በላይ የተረፈው ከብት በእህል ሲለወጥ ዋጋው መውደቁ ቤተሰቡን ለረሃብ ዳርጎታል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ለመሸጥ ሲወጣ፣ ከብቱ ከስቶ ሲቀርብ፣ ገዢውም የሚያጓጉዝበት ሲያጣ ፍየል የምትለወጥበት እህል እያነሰ ይሄዳል። ከሁርሶ ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚመለስ መኪና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሆኖም ስንዴ ያራገፈ ተሳቢ እንዲሁ ፍየል አይጭንም። የጎን አጥር፣ የማይንሸራተት ወለል፣ በመንገድ ላይ ውኃ፣ የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በጅቡቲ ዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ ጣቢያ መኖሩ ለባሕር ማዶ ገበያ መንገድ ይከፍታል፤ ነገር ግን ሳውዲ አረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጣለችው እገዳ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ መቆየቱ፣ የባሕር ማዶ ገበያን ብቻ ተማምኖ ማቀድ እንደማይገባ ያስረዳል። የጅቡቲ ከተማ፣ የድሬዳዋና የአዳማ ሥጋ ቤቶች አብረው በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። የአካባቢው ሰዎች ካረን የሚሉት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጠበቀው ዝናብ መቅረቱ በነሐሴ አጋማሽ ላይ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ ፍየሉም በጉም ገና በእግሩ ይቆማል፤ ዋጋም አልወደቀም። የስንዴው መርከብ ግን ከጥያቄው ቀን አንሥቶ ወደብ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የከብቱ መውጫ ከስንዴው መግቢያ ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል፦ ባለ አጥሩ መኪና ሐኪሙን ይዞ በነሐሴ ወር ከሁርሶ፣ ከጎታና ከኤረር እየጫነ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በተሸጠው ከብት ገንዘብም ከደጋው ገበያ በወቅቱ ዋጋ የተገዛ ማሽላ ጭኖ ይመለሳል። የመኪናው ኪራይ በመሄጃም በመመለሻም ስለሚከፈል ለአንድ ኩንታል የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፤ ቤተሰቡም ሊሞትበት ከነበረው መንጋ ከፊሉን ሸጦ፣ ለቀሪው ውኃና ሣር ይተርፈዋል።